አንድ ሰው እግሩ ቢያብጥ

«አያ እንግዳው፣ የእግርዎ እብጠት ጎደለልዎ?» ስትል ጠየቀች ትሕትና፣ ለለቅሶ ደራሹ ቆሎ እያዞረች።

«የምን እብጠት?» ሽማግሌው በዳሱ በተጎዘጎዘው የሩዝ ገለባ ላይ እግራቸውን ዘረጉላት። «እኔስ ጉልበቴን ነው የሚያመኝ። ሐኪሙም ብርድ ነው ብሎ መለሰኝ። እግሬ አብጦ አያውቅም።»

ትሕትና ግራ ገባት። አባቷ መሪጌታ በእውቀቱ ከተቀበሩ ገና ሳልስታቸው ነው። ታዲያ ያ ጥያቄ የማን ነበር?

ከደብሩ ንግሥ በፊት ነው። «በስልክሽ ያሉትን አዋቂ ጠይቂልኝ» አሏት አባቷ። ተማሪ በቁጣ የሚያንቀጠቅጡት ሰውዬ በስልኳ የሚመልሰውን ማሽን አንቱ ይሉት ነበር። «አንድ ሰው እግሩ ቢያብጥ፣ ጋደም ሲል ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ምን ይበጀዋል?»

«የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው» አለ ማሽኑ።

«ማን ነው አባባ?»

«አንድ ሰው ነዋ።» ዐይናቸውን ወደ ጎረቤት ሰደዱ።

እዚያ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሲያነክሱ የከረሙት አያ እንግዳው አሉ። ምን ትጠራጠር? በማግሥቱ ባጃጅ ጠርታ ወረታ ሐኪም ቤት ወሰደቻቸው። በር ላይ ቆመው የመረቋቸው እኮ ራሳቸው አባቷ ናቸው!

ትሕትና ቆሎውን አስቀምጣ ወደ ቤት ገባች። እናቷ እናኑ የሟቹን ላስቲክ ጫማ ይዛ ትወለውላለች። ጎንና ጎኑ ተቀድዷል።

«ማን ቀደደው?»

«እሳቸው ናቸው፣ በቢላ። እግራቸው አልገባ ቢላቸው ጊዜ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ እማዬ?»

«ምን ልንገርሽ? ጠይቄ መልስ አግኝቻለሁ አሉኝ። ንግሡ ይለፍ፣ ማኅሌቱን ማን ይመራል አሉኝ። እኔማ ያወቅሽ መስሎኝ!»

ትሕትና ተናደደች፤ በአባቷ ይሁን፣ በማሽኑ፣ በራሷ፣ አልለይላት አለ። ለምን ወደ ጎረቤት አዩ? አፍረው ነው? ወይስ ልጄ ይገባታል ብለው? ሙት አይጠየቅ ነገር።

ስልኳን አወጣች። ጥያቄውን እንደገና ጻፈች፤ «አንድ ሰው» በሚለው ፈንታ «አባቴ» አለች።

ማሽኑ አላቅማማም። «አባትዎን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዷቸው። ብቻቸውን አይተዋቸው።»

ትሕትና ጫማዎቹን ከእናቷ እጅ ተቀበለች። ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙራ፣ ጎን ለጎን አስተካክላ፣ የበሩ ደፍ ላይ አስቀመጠቻቸው።