የሙሉእመቤት ራስ ምታት

ሙሉእመቤት የተጣመመውን ጥልፍ ለሦስተኛ ጊዜ ተረተረችው። ከረፋድ ጀምሮ ግንባሯን ሰቅዞ የያዛት ራስ ምታት ዓይኗን እያጭበረበረባት፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ደረት ላይ መስመሩ ወደ ግራ ሄደባት። ቀሚሱ ነገ ጠዋት መድረስ አለበት፤ ሙሽራ ደግሞ ነገ ተመለሺ አትባልም። ሻሿን አጥብቃ አሰረች። ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ መሆኗ ነው። "በዚህ ዓይነትማ ሥራውን መተዌ ነው" አለች ለራሷ፤ ፈራች። ሃያ ዓመት ከጥልፍ መኪናዋ ሌላ እንጀራ አታውቅም።

ሱቋን ዘግታ ከሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣ አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ወረደች።

"ሮሐዬ፣ ያንን ክኒን ስጪኝ።"

የመድኃኒት ባለሙያዋ ሮሐ ግን ከመቀመጫዋ አልተነሳችም። "በዚህ ሳምንት አራተኛዎ ነው እኮ። ማስታገሻ ሲደጋገም እሱም ራስ ምታት ያመጣል። ቁርስ በልተዋል?"

"በልቻለሁ።"

"እንቅልፍስ?"

"ደህና እተኛለሁ።"

"ውኃስ ይጠጣሉ?"

"እ... ማለቴ፣ ማታ ቤቴ ስገባ እጠጣለሁ። ሱቅ ውስጥ ግን በቃ፣ አልጠጣም።"

"ለምን?"

ለምን እንደሆነ መናገሩ ያሳፍራል። የሱቆቹ የጋራ መጸዳጃ ቤት ቁልፍ የሚሰቀለው ጎረቤቷ ዘይነብ ዘንድ ነው። ከሁለት ወር በፊት፣ ለአንዲት ነጠላ ሲባል፣ ደንበኛዬን ጠራችብኝ ብላ ሙሉእመቤት ሰፈሩን ቀወጠችው። "ቁልፍሽንም ፊትሽንም ማየት አልፈልግም" አለቻት በሰው ፊት። ከዚያ ወዲያ ቁልፍ ላለመጠየቅ ከጠዋት እስከ ማታ ውኃ በአፏ አልዞረም። እልኸኛ መሆኗን ገበያው ሁሉ ያውቃል፤ እስከዚህ መሆኗን ግን እሷም አላወቀችም ነበር።

"መቼ ነው የጀመረዎት?" አለች ሮሐ።

"ሁለት ወር..." ብላ ሙሉእመቤት አፏን ያዘች።

"እንግዲያው ውኃ ይጠጡ። ሻሹንም ያላሉት። በየመሀሉ ከመኪናው ቀና እያሉ ዓይንዎን ሩቅ ያሳርፉ። በሁለት ሦስት ቀን ካልተሻለዎት ደግሞ ጤና ጣቢያ ሄደው ዓይንዎንም የደም ግፊትዎንም ይታዩ።"

ሙሉእመቤት በክኒኑ ፈንታ አንድ ሊትር ውኃ ገዝታ ዳገቱን ወጣች። ሱቋ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች። ከጠጣች መሄድ አለባት፣ ለመሄድ ደግሞ መጠየቅ አለባት። ትንሽ ቀምሳ ብታስቀምጠው ነገ ሰበብ እንደማታጣ ታውቃለች። ስለዚህ ዘይነብ በር ላይ ሄዳ፣ እዚያው እንደቆመች፣ ጠርሙሱን እስከ ታች ጠጣችው።

ዘይነብ ጋቢ ከምታጥፍበት ቀና አለች። "ምን ነካሽ? ቀስ ብለሽ ጠጪ እንጂ።"

"ራሴን እያመመኝ ነው። ውኃ በመተውሽ ነው አሉኝ።"

"ለምን ተውሽ?"

"ቁልፉን ላለመጠየቅ።" ባዶውን ጠርሙስ ከደነችው። "ያን ቀን አጥፍቻለሁ ዘይነብ። ያልኩሽ ነገር ልክ አልነበረም።"

ዘይነብ ጋቢውን አስቀምጣ አየቻት። ኋላ ግን ሳቋ አመለጣት። "አላህ ይይልሽ፣ ሁለት ወር ሙሉ? እኔ እኮ ሌላ ቦታ ያገኘሽ መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር።" ቁልፉን ከምስማሩ አውርዳ ዘረጋችላት።

ሙሉእመቤት ቁልፉን ተቀበለቻት። ሁለት እርምጃ እንደሄደች ግን ተመለሰችና ባዶውን ጠርሙስ ዘይነብን አስያዘቻት።

"እስክመለስ ውኃ ሙዪልኝ" አለቻት።