አሥራ ስምንትና አርባ አምስት

እናት መለኪያው እንደሚለያይ ያስተዋለችው ልጇ ሥራ ፍለጋ ወደ ሌላ ከተማ ከሄደች በኋላ ነው። ልጅቷን አጥንቷን ሲያማት ደሟ ተመርምሮ ቫይታሚን ዲዋ አሥራ ስምንት ሆነ። ክኒን ወስዳ በሌላ ላቦራቶሪ ስትለካ ደግሞ አርባ አምስት። "ካልጨመረ ንቅንቅ የለም" ያለችው እናት ያን ቁጥር አይታ ሸኘቻት። አሁን ግን ስታየው የመጀመሪያው ወረቀት መለኪያ ናኖግራም ይላል፣ የሁለተኛው ናኖሞል።

ጫማዋን አዟዙራ ተጫምታ ወደ መድኃኒት ቤት ሮጠች።

"ልጄን ገደልኳት እኮ!"

ባለመድኃኒቱ ወረቀቶቹን አየ። "ወደ ናኖግራም እንዲመጣ አርባ አምስቱን ለሁለት ተኩል ያካፍሉት።"

አካፈለች። አሥራ ስምንት!

"አልጨመረላትም ማለት ነው? አጥንቷ ይሰበራላ!"

"እናቴ፣ ደመና ባዩ ቁጥር ጎርፍ መጣ አይበሉ። ዝቅ ብሏል እንጂ ለክፉ አይሰጥም። ክኒኑን ሳታቋርጥ ከምግብ ጋር ትውሰድ። ከሦስት ወር በኋላ ትለካ።"

"እዚህ መጥታ?"

"የትም ይለካል።"

"የትም" የሚለው ቃል አልጣማትም። ቤት ስትገባ የልጅቷ አልጋ እንደተነጠፈ ነው። ወረቀቱን ምክንያት አድርጋ "ነይ" ብትላት ትመጣለች። ደወለች።

"እማዬ! ዛሬስ ማን ሞተ?"

"አፍሽን ቁረጭው! ድምፅሽ ምን ሆኗል?"

"እያኘክሁ ነዋ። ስሚ፣ የስፌት አለቃችን 'እጅሽ ፈጣን ነው' አለችኝ! ከሰው ሁሉ ፊት!"

እናት እንዲህ ያለ ድምፅ ከልጇ ከሰማች ቆይታለች። "ነይ" ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

"የደምሽ ውጤት አልጨመረም። መለኪያው ተምታቶብኝ ነው።"

ልጅቷ ማኘኳን አቆመች። "ልምጣ እንዴ?"

እናት አልጋውን አየችው። 

"መጥተሽ ምን ልትሠሪ? ክኒኑን ከምሳ ጋር ዋጪ። በእረፍትሽ ደጅ ውጪ፣ ፀሐይ ይንካሽ። ከሦስት ወር በኋላ እዚያው ተለኪ።"

"እዚያው? ውይ፣ እናቴን ማን ለወጠብኝ!"

"ዝም ብለሽ ብዪ።"

ስልኩን ስትዘጋ መሽቷል። ልጅቷ የበሩን ቁልፍ ይዛ ነው የሄደችው። እናት፣ በሕልሟ እንኳ ሌባ የምታሳድድ ሴት፣ ምናልባት ልጇ ተመልሳ ብትመጣ እንዳትቸገር ብላ እስከ ትናንት በሩን ከውስጥ ሳትቀረቅር ነበር የምታድረው።

ተነሳች። መቀርቀሪያውን ገፋችው፤ ዝጎ ስለነበር ሁለት እጅ ጠየቃት።