የመጠበቂያ አዳራሹ መርዶ

ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ በስደተኞች መቀበያው የጣት አሻራ የሚወስደው መሣሪያ ግን አላውቅህም አለው። አንዴ ጣቱን አስቀመጠ፣ ደገመ፣ ሱሪው ላይ ጠርጎ ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! ሠራተኛው ሲነጫነጭ ሚስቱ ከኋላ ሆና ሳቀችበት።

«መሪው በልቶት ነው እኮ አባቱ! ለእኔ የተረፈኝ እጅ ይኸው ነው» አለች።

አዎ፣ ያን ቀን ጠዋት ትስቅ ነበር። ልጄን ላገኝ ነው ብላ የምታስብ እናት ምን ሆና አትስቅም? ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ከሰው በተዋሰችው ቅባት እጇን ሁሉ ወዝ በወዝ አድርጋ ነው የመጣችው። ሹፌሩ ግን ባየችው ቁጥር ፊቱን ያዞራል።

ልጁ ሞቷልና። በአባቱ አውቶቡስ ላይ ረዳት ነበር። ታጣቂዎች መንገድ ላይ አስቁመው ተሳፋሪውን አወረዱ፤ አንድ ሽማግሌ ሲደበድቡ «ተዉአቸው፣ አባታችሁ ይሆናሉ» አለ፤ በቃ፣ ይህችን ብቻ ነው ያለው፤ እዚያው አስፋልቱ ዳር ደፉት። አባትየው አይቷል። ከገዳዮቹ አንዱንም ከነሰፈሩ ያውቀዋል። ልጁን በተሳፋሪዎቹ እርዳታ ቀብሮ ሳይጨርስ ነው እሱንም እየፈለጉት እንደሆነ የሰማው። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ በር ላይ ቆማ «ልጁስ?» አለችው።

ምን ይበላት? መርዶ እንዲህ እንደ እቃ በር ላይ ይወረወራል እንዴ! ዘመድ ተጠርቶ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ደግፎ የሚይዛት ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። ያን ቀን ደግሞ ጎረቤት መጥራት ገዳዮቹን መጥራት ነበር። «ቀድሞን ተሻግሯል፤ እዚያ ይጠብቀናል። ተነሽ» አላት።

አንዴ ከአፉ አመለጠ። ከዚያ ወዲያ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ሲል መንገዱ አለቀ። በጭነት መኪና ውስጥ ታጭቀው ስታቃስት «አይዞሽ እናቱ፣ ልጁ ይጠብቀናል» ይላታል፤ እግሯ አብጦ አልራመድም ስትል «ልጁ ምን ይለናል?» ይላታል። እሷም ትነሳለች። አይ አባት! በሞተ ልጁ ስም ሚስቱን ድንበር አሻገራት። ለራሱም ይህንኑ እያለ፣ ራሱን እየረገመ ነው የመጣው።

አዳራሹ ውስጥ ወለሉ ላይ የተቸነከሩ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ቁጥር የሚያበራ ሰሌዳ፣ አንድ ስልኩን የሚጎረጉር ጥበቃ። ቀድመው የመጡት የአገራቸው ልጆች እንደ ፈተና አስጠኚ ምክር ሲያዘንቡባቸው አረፈዱ። «ይሄ የጥገኝነት ጥያቄው የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ነው፣ ባጭሩ ነው የሚጠይቋችሁ፤ ማን እንደሆናችሁ፣ በየት እንደመጣችሁ፣ ለምን እንደመጣችሁ። ዝርዝሩ ሌላ ቀን ነው። ግን ዛሬ ያላችሁትና ያን ቀን የምትሉት ከተለያየ አለቀላችሁ» አላቸው አንድ ግንበኛ። እሱ ራሱ ተለያይቶበት ነው የሚያውቀው።

ሚስቱ ቀድማ ተጠራች። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነበር።

«ሁሉንም ነገርኳቸው! ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ጠባሳ ሳይቀር። ቀድሞን ገብቷል፣ በኮምፒውተራችሁ ፈልጉልኝ አልኳቸው። ሴትዮዋ ጽፋዋለች። አስተርጓሚዋ እንዴት ያለች የተባረከች ልጅ መሰለችህ!»

ሹፌሩ ዞሮ የወጣችበትን በር አየ። ይህን እንዴት ሳያስብ ቀረ? ባልና ሚስት ለየብቻ እንደሚጠየቁ ሰምቶ ነበር። እሱ ግን እፎይ ነበር ያለው፤ እሷ በሌለችበት እውነቱን ተናግሬ እወጣለሁ ብሎ። እሷም አፍ እንዳላት ረሳ፣ ሞኝ!

ክፍሉ ጠባብ ነው። ጠያቂዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች፣ ጉንፋን የያዛት ሴት ናት። አስተርጓሚዋ አጠገቧ ተቀምጣለች፤ እንደ ልጁ እኩያ ናት።

«ለምን መጡ?»

«ልጄን ገደሉብኝ። ሊገድሉኝም ይፈልጋሉ። ፊታቸውን አይቻለሁ።»

አስተርጓሚዋ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ተረጎመች። ጠያቂዋም መነጽሯን ወደ ዓይኗ አውርዳ ወረቀት ገለበጠች።

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

«አንድ። እሱ ነበር።»

«ባለቤትዎ ግን ልጃችን በሕይወት አለ፣ እዚህ አገር ነው ብለዋል። ማንኛችሁ ናችሁ ልክ?»

«እሷ አልዋሸችም፤ አታውቅም። እኔ ነኝ የዋሸኋት።» ወደ አስተርጓሚዋ ዞረ። «እባክሽ እህቴ፣ እንዳትነግሯት በያት። አደራ። የእሷን እንዳለ ተዉት።»

ጠያቂዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ እሱ ነው የሚያናድደው። ክፉ ብትሆን መርገም ይቻል ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችው፤ ሁለቱ ቃል በአንድ መዝገብ ነው የሚቀመጠው፣ እንዲህ እንዳለ ከሄደ ያየው ሁሉ አንዳቸው ውሸታም ነው ይላል፣ ጥያቄያቸውም ውድቅ ይሆናል። ሚስቱን ድጋሚ መጠየቅ አለባት። መጠየቅ ደግሞ መንገር ነው። እስከዚያ ሻይ ልጠጣ፣ እርስዎ ቢነግሯት ይሻላል አለችው። አስተርጓሚዋ ይህን ስትተረጉም አንገቷን ቀና አላደረገችም።

ሹፌሩ ወጣ። ሚስቱ ከሩቅ እጇን አውለበለበችለት። ወደ እሷ አልሄደም፤ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ወደ ግንበኛው ሄደ።

«ወንድሜ፣ መርዶ አለብኝ። ዘመድ ሁነኝ» አለው።

ግንበኛው ነገሩን በሹክሹክታ ሰምቶ ሲጨርስ «ወይኔ!» አለና ተነሳ። አንድ አስተማሪ የነበሩ ሽማግሌን ጠራ፤ የምታጠባ ሴት ልጇን ለሌላ ሰው ሰጥታ ተከተለች፤ ሌሎችም ተጨመሩ። የሹፌሩን ስም እንኳ የሚያውቅ የለም። እንደ ሥጋ ዘመድ ተሰብስበው፣ ሽማግሌውን አስቀድመው፣ በዚያ ሰው በተጨናነቀበት አዳራሽ ወደ እሷ መራመድ ጀመሩ።

መጀመሪያ ፈገግ አለች። «ኑ፣ ኑ ተቀመጡ» ብላ ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሳች። ከዚያ አረማመዳቸውን አየች። ማንም እንደዚያ ተሰብስቦ፣ እንደዚያ ዝም ብሎ፣ ለደግ ነገር አይመጣም። የምታጠባዋ ሴት በግራዋ ስትቀመጥ ቦርሳው ከእጇ ወደቀ።

«ማን ነው?» አለች። «ማን ነው? አባቱ፣ ማን ነው በለኝ!»

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዞረው ሹፌሩን አዩት። ደግሞስ ምን ሊናገሩ ነው፣ ልጁን አያውቁት!

«ልጁ ነው» አለ ሹፌሩ። «ያን ቀን ነው እናቱ። በሩ ላይ ስትጠይቂኝ ቀብሬው መምጣቴ ነበር።»

ጩኸቷን ሰምቶ ጥበቃው ስልኩን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ሴቶቹ ያዟት። ደረቷን ስትደቃ እጇን ያዙባት፣ መሬት ላይ ስትወድቅ አብረዋት ተቀመጡ፤ የሚገባትን ሁሉ እነዚያ ባዳዎች አደረጉላት። ጥበቃው «ዝም በሉ፣ ሌላ ሰው ይረበሻል» አለ በምልክት። ግንበኛው ሊደበድበው ምንም አልቀረው።

ሻዩ ተጠጥቶ አለቀ መሰል፣ ተጠሩ። አሁን አብረው ገቡ። ጠያቂዋ «ይቅርታ» አለች፣ ውሃ ቀዳችላት፣ ከዚያም የልጁን ነገር አስተካክላ ጻፈች። ሹፌሩ በሐዘኑ መካከል ትንሽ ተስፋ አየ፤ ቃላቸው ገጥሟል፣ ቢያንስ እሷን አተርፋለሁ አለ በልቡ።

«አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶኛል» አለች ጠያቂዋ። «ወደ አገርዎ ቢመለሱ ምን ይደርስብኛል ብለው ይፈራሉ?»

ሚስቱ ውሃውን አልነካችውም። ድምፅዋ በጩኸት ብዛት ተዘግቷል።

«የተቀበረበትን እሱ ያውቃል። ይንገራችሁና እዚያ መልሱኝ።»

«አትተርጉሚው!» ሹፌሩ ከወንበሩ ተነሳ። «እህቴ፣ በእናትሽ፣ ሐዘን ነው፤ የምትለውን አታውቅም።»

አስተርጓሚዋ እያለቀሰች ተረጎመችው፤ ሥራዋ ነው። ጠያቂዋ መነጽሯን አስተካክላ እንደገና ጠየቀች፤ በራስዎ ፈቃድ ነው መመለስ የሚፈልጉት?

«አዎ።»

«እናቱ፣ እባክሽ። ይገድሉናል እኮ! ብቻዬን ምን ልሁን?»

ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን በደንብ አየችው።

«አንተ ቅር» አለችው። «አንተ ነፍስህን ልታድን ነው የመጣኸው። እኔ ልጄ ጋ ነበር የመጣሁት።»

አስተርጓሚዋ ይህንንም ተረጎመች። ጠያቂዋም ጻፈችው።