ያልተረዳሁት መርዶ

ሁሉም ነገር የተበላሸው በእማዬ ሣልስት ዕለት ነው፣ የሞተች ቀን አይደለም፣ የሞተች ቀንማ ዳናይት አጠገቤ ነበረች፣ ታላቄ ስለሆነች እጄን ይዛ አታልቅስ ትለኛለች፣ እሷ እያለቀሰች፣ በሣልስቱ ግን የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ነቅለው አግዳሚ ወንበሩን ሲቆልሉ እኛንም አብረው አነሱን፣ ወንዱን እኔ ልውሰድ አሉ ጋሼ ወልደጻድቅ፣ የእድሩ ሊቀመንበር፣ ሴቷን የእድራችን ዘርፌ ትውሰድ፣ አያት ሰፈር ሰፊ ግቢ አላት፣ አለቀ። ማንም አልጠየቀን። ድስቱን እንኳ ከነክዳኑ ነው ያስቀመጡት።

አሁን ቦሌ፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ከመድረኩ በላይ ትልቅ ባነር፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የወላጅ አልባ ሕፃናት ክብካቤ፣ ያኔ በሽታውን በስሙ የሚጠራ አንድ ደፋር አልነበረም፣ እማዬን ሳንባዋን ነው አሉ፣ አባዬንም ሳንባውን፣ መንደሩ በሙሉ በሳንባ አለቀ፣ ዛሬ ኤችአይቪ ለማለት ማይክ ይሻማሉ። አዘጋጇ ረሆቦት፣ ያኔ ያልተወለደች፣ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ ትላለች፣ ያፊ፣ ከጋሼ ቀጥሎ አንተ ነህ፣ ኢሞሽናል አድርጋት እሺ፣ ግን ሾርት፣ ላንች ደርሷል። ኢሞሽናል። እሺ እህቴ። እህቴ አልኳት፣ ይቺን!

ሼባው ወልደጻድቅ መድረኩ ላይ ነው፣ ከረባት አስሯል፣ ይቅርታ፣ አስረዋል፣ ያሳደገ ሰው አንቱ ይባላል። አንድም ልጅ ሜዳ ላይ አልጣልንም ይላሉ፣ ጭብጨባ። እውነት ነው፣ ሜዳ ላይ አልጣሉንም፣ ጓዳ ነው የጣሉን።

እሑድ እሑድ አያት ሄጄ ዳናይትን አገኛት ነበር፣ እጇ በበረኪና ተልጦ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጄ ናት ትላለች ዘርፌ፣ እንግዳው ሲሄድ ልጅቷ ወደ ጓዳ፣ ከዚያ ማሳል ጀመረች፣ ብርድ ነው አሉኝ፣ ከዚያ አንድ እሑድ የለችም። ወሊሶ ዘመድ ጋ ሄዳለች፣ አየር ትቀይር ብለን ነው። የትኛው ዘመድ፣ ዘመድ ቢኖረን እድር ያነሳን ነበር? ዘርፌ ጥቁር ለብሳለች። ማን ሞቶብሽ ነው እትዬ? የሩቅ ሰው ነው፣ አንተ አታውቀውም፣ ይልቅ ማትሪክህን አጥና። ጨዋ ሰዎች፣ ልጅ ፈተና ላይ እያለ አያረዱም፣ ከፈተናው በኋላ ደግሞ ውጤቱ ይምጣለት፣ ከዚያ ዩኒቨርሲቲው፣ ከዚያ ምርቃቱ፣ ጋውን ለብሼ ፎቶ ስንነሳ ጠየቅኋቸው፣ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች። ፀጉሬ ሸበተ፣ ለእነሱ አሁንም ፈተና ላይ ነኝ።

መርዶ እኮ ወግ አለው፣ በማለዳ ሰብሰብ ብለው ይመጣሉ፣ ቁጭ በል ይሉሃል፣ ትጮሃለህ፣ ይይዙሃል። ፍልስፍና ተምሬ፣ ሎጂክ ተምሬ፣ በማለዳ በር በተንኳኳ ቁጥር አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ እላለሁ። ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ናቸው። ላልቅስላት ብል ብትኖርስ፣ ልፈልጋት ብል የት፣ ወሊሶ ሄጃለሁ፣ የሚያውቃት የለም።

ዛሬ ጠዋት እንኳ መኪና ውስጥ፣ ጋሼ፣ ዳናይትስ? ተው እንጂ የኔ ልጅ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው።

ልጃችን ያፌት ወደ መድረክ ይምጣልን። እሄዳለሁ፣ ጋሼ ያቅፉኛል፣ ሽቶ ይሸታሉ፣ ማይኩን ያቀብሉኛል፣ ረሆቦት ስልኳን ቀስራ በጣቷ ልብ ትሠራልኛለች፣ ጥሩ፣ ይቀረጽ፣ ዘርፌ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዋን ወደ አፏ ትስባለች፣ አውቀሻል አይደል ምን ልል እንደሆነ፣ ላንቹ ይቀዝቅዝ፣ ጋሼ፣ ይህ ሁሉ ሰው እየሰማ ነው፣ ካለች የት እንዳለች፣ ከሌለች የት እንደቀበራችኋት፣ አያጨብጭቡ እንጂ፣ ይመልሱልኝ፣ እህቴ አለች ወይስ የለችም?