የሴናሂድ ቀኝ ጉልበት

«መጀመሪያ ‹አውፍ ብለነዋል› ያለው ማነው? ስሙን ንገረኝ» አለች ዙምራ። የለቅሶውን ጣፋጭ፣ ሃልዋውን፣ ማማሰሏን ግን አላቆመችም፤ ዱቄቱ ቅቤው ውስጥ መጥቆር ጀምሮ ነበር።

ረሺድ የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ ቆሟል። ከመቃብር መመለሱ ነው፤ ጭቃው ገና ከሱሪው ጫፍ አልረገፈም። ሴቶች ወደ መቃብር ስለማይወርዱ፣ ወንድሟ ሴናሂድ እንዴት አፈር እንደገባ የምትሰማው ከእሱ አፍ ነው። ረሺድ የከተማው እግር ኳስ ቡድን በረኛ የነበረ፣ ከሴናሂድ ጋር አሥር ዓመት አብሮ የተጫወተ ሰው ነው። መዋሸት አይችልበትም።

«ሺችሪያ ነው» አላት አንገቱን ደፍቶ። «ኢማሙ እንደ ወጉ ‹ሟቹን አውፍ ትሉታላችሁ ወይ?› ብሎ ሲጠይቅ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ቆሞ ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ መለሰ። ሦስቴም።»

ዙምራ ማማሰያውን አስቀመጠች። ሺችሪያ! የድሮው አሰልጣኝ! አይኑን በጨው አጥቦ ሬሳው ፊት ቆሞ ሴናሂድን ይቅር አለው! በዳዩ ይቅር ባይ ሆኖ አረፈው። እስከዚያች ሰዓት ያለቀሰችው እንባ ደረቀ።

በክርናቫ፣ በዚያች የቦስኒያ የከሰል ከተማ፣ ሴናሂድን የማያውቅ ሰው የለም። ቁጥር ስምንት፣ አማካይ። ኳስ ሲቀበል ቀና ብሎ አያይም ነበር፤ ሌላው ገና ሳያስበው እሱ ቀድሞ አይቶ ጨርሷላ። ከጦርነቱ ወዲህ ከተማው የሚደሰትበት ሌላ ነገር ስላልነበረው፣ የከሰል ቆፋሪዎቹ ከፈረቃ ሲወጡ ፊታቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ወደ ሜዳው ይሮጡ ነበር። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሞላው አንድ የኦስትሪያ ቡድን ፈለገው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሸኘው። በአራተኛው ቀን ሻንጣውን ይዞ እያነከሰ ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም።

ምን ሆኖ ነው ሲባል፣ ሺችሪያ ለጋዜጣ መለሰ። «ጉልበቱን መሸታ ቤት ነው የጣለው» አለ። እሱ ያኔ ቡድኑን ወደ ላይኛው ሊግ አስገብቶ፣ ሳራዬቮ ትልቅ ሥራ አግኝቶ፣ አፉን ሞልቶ የሚናገርበት ጊዜ ነው። ማን ይጠራጠረዋል? ሴናሂድ የዳቦ መኪና መንዳት ጀመረ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ለየሱቁ ዳቦ ሲያደርስ ከጀርባው «ያንን የመሰለ እግር በራኪያ የለወጠ» እያሉ ሲያሙት ይሰማል፤ ሰምቶም ደህና ዋሉ ብሎ ይሄዳል። ራኪያ የሚሉትን አረቄ እንኳን ሊጠጣ ሽታውን አይወድም ነበር። ሚስት አላገባም፤ ባሏ በጦርነቱ ከሞተባት ከእህቱ ከዙምራ ጋር በአባታቸው ቤት ኖረ፣ እዚያው ቤት ልቡ ቆመ።

ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ኢማሙ መጣ። ወጣት ነው፣ ከሌላ አገር የመጣ፣ የሰፈሩን ቁስል የማያውቅ። ሲፈራ ሲቸር ቆይቶ ጉዳዩን አነሳ። ሺችሪያ በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ለሐጅ ይነሳል። ሐጅ የሚሄድ ሰው ደግሞ የበደለውን ሁሉ በየቤቱ ዞሮ አውፍ ሳያስብል አይነሳም፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባን መዞር ምን ይረባል? ሽማግሌው ሁሉንም ጨርሶ አንድ ሴናሂድ ቀርቶት ነበር፤ ዛሬ ነገ ሲል ሞት ቀደመው። አሁን አውፍ ልትለው የምትችል ዘመድ ዙምራ ብቻ ናት።

«ሌሊት አይተኛም» አለ ኢማሙ። «ይህ ካልተፈታልኝ ሐጄ ከንቱ ነው ይላል።»

ጎረቤቷ አሮጊቷ ፋታ ከሶፋው ጥግ ሆና፣ ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ነው፣ ፍቺውና ይገላገል አለች። ዙምራ፣ ሳሉስ የማን እንደሆነ በቅርቡ ይሰማል ብላ መለሰችላት። ከዚያ ወደ ኢማሙ ዞራ ፊቷን አለሳለሰች።

«እሁድ ይምጣ። ሰባተኛው ቀን ነው፤ ሰው ይሰበሰባል።»

ኢማሙ ደስ አለው። ምስኪን፣ ለይቅርታው ምስክር የምትፈልግ መስሎት ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሴናሂድ ለእሷ ብቻ ነግሯታል። ወደ ላይኛው ሊግ ለመግባት የመጨረሻው ጨዋታ አምስት ቀን ሲቀረው፣ ልምምድ ላይ ወድቆ ጉልበቱ አበጠ። የሐኪሙን ወረቀት የተቀበለው ሺችሪያ ነው። አጥፎ ኪሱ ከተተና «ቀላል ነው፣ ተጫወት ብለውሃል» አለው። የጨዋታው ዕለት፣ እሁድ፣ ለብቻው ጠርቶ ጉልበቱ ላይ መርፌ አስወጋው፤ ቪታሚን ነው ብሎ። ሴናሂድ ዘጠና ደቂቃ ሕመም ሳይሰማው ሮጠ፣ ብቸኛዋን ጎል ያመቻቸውም እሱ ነው። የኦስትሪያው ሐኪም ግን ጉልበቱን ነካ ነካ አደረገና «በዚህ ላይ ማነው ያጫወተህ?» ብሎ ጠየቀው። እዚህ ተመልሶ ሆስፒታል ቢሄድ፣ ስድስት ሳምንት ኳስ እንዳይነካ ብለን ጽፈን ሰጥተን ነበር አሉት።

ሺችሪያ ጋ ሲሄድ ያገኘው መልስ አንድ ነው። የተከለከለው መርፌ ከታወቀ ድሉን ይነጥቁናል፤ የጓደኞችህን ልፋት አፈር ታበላለህ?

ዙምራ ያን ቀን የሰውየውን በር ልትሰብር ስትነሳ ሴናሂድ ክንዷን ያዛት። «እኔ እስካለሁ ድረስ አፍሽን እንዳትከፍቺ» አላት። «ልጆቹ በዕድሜያቸው ያሸነፉት ይቺን ብቻ ነው።» በእናታቸው አስማላት። እሷም መሐላዋን ጠበቀች፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ሃያ ሦስት ዓመት ቻለችው። እኔ እስካለሁ ነበር ያለው። አሁን የለም።

ኢማሙ እንደወጣ ስልኳን አነሳች። ከዚያ ቡድን በሕይወት ያሉት ስምንት ናቸው፤ ለስምንቱም ደወለች። አንዱ ከስሎቬንያ ድረስ መጣ።

እሁድ ከሰዓት ሳሎኑ ጢም አለ። ሺችሪያ ነጭ ቆቡን አድርጎ፣ በኢማሙ ክንድ ተደግፎ ገባ። ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ የድሮው ትከሻ የለም። መሐል ላይ ወንበር ሰጡት። አላህ ይዘንለት አለ፣ ሴናሂድን እንደ ልጄ ነበር የማየው አለ፣ ከዚያ ወደ ዙምራ ዞረ።

«ዙምራ ልጄ፣ ሐሙስ መንገደኛ ነኝ። በእሱ ላይ ያጠፋሁት ካለ፣ ስለ አላህ ብለሽ አውፍ በይኝ።»

«‹ካለ› አይባልም» አለች። «ለየትኛው ነገር ነው አውፍ የምልዎ? እነዚህም ይስሙት።»

ሽማግሌው ኢማሙን አየው። ኢማሙ አመነታ፤ ግን ሸሪዓውን ያውቃል፤ በደሉን ለይቶ መናገር ይገባል አለ። ሺችሪያ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ።

«መርፌ አስወግቼው ነበር... ከዚያ ጨዋታ በፊት።»

«ምን ነው ብለው?»

«ቪታሚን ነው ብዬ።»

«የሐኪሙስ ወረቀት?»

«ኪሴ ውስጥ ነበር። ስድስት ሳምንት ይረፍ ነው የሚለው።»

«መሸታ ቤቱስ?»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ዙምራ ወደ ፊት ጠጋ አለች። «ጮክ ይበሉ። ቀብር ላይ ድምፅዎ ደህና ነበር።»

«ውሸት ነው» አለ ሺችሪያ። «ሲጠጣ አይቼው አላውቅም።»

ረሺድ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከስሎቬንያ የመጣው፣ በየክረምቱ ለእረፍት ሲመጣ ሴናሂድን ‹ዛሬስ ስንት ጠጣህ?› እያለ ያፌዝበት እንደነበር ለማንም ሳይሆን ለራሱ ተናገረና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ዙምራ ሁሉንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ጣፈጣት። ምን ያስዋሻል፣ ጣፈጣት።

«ይኸው ተናገርኩ» አለ ሽማግሌው አይኑ እንባ አቅርሮ። «አሁን አውፍ በይኝ።»

«አልልም። የሱን ሐቅ ራሱ ይዞት ሄዷል፤ እዚያ ስትገናኙ ጠይቀው። የኔን ግን አልሰጥህም። ካዕባን ከነመርፌህ ዙር።»

ሺችሪያ ወንበሩን ተመርኩዞ ተነሳ። ከስምንቱ አንድም ሰው አልተነሳለትም።

በረንዳው ላይ፣ የለቅሶ ደራሹ ጫማ በተደረደረበት፣ እግሩን እንደምንም ጫማው ውስጥ ከተተ። ማሰሪያውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ግን ወገቡ እምቢ አለው። ግድግዳውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ዙምራ ወጣችና እግሩ ሥር በርከክ አለች። ልቧ የራራ መሰለው፤ «አላህ ይስጥሽ ልጄ» ሊላት ጀመረ። እሷ ቀና አላለችም። የግራውን አጥብቃ አሰረች፣ ቀጥላ የቀኙን፤ እንዳይፈታ ሁለት ሁለት ጊዜ ቋጠረች።

«ሃያ ሦስት ዓመት በየማለዳው የሱን እንዲህ አስሬያለሁ» አለችው። «ጉልበቱ አልታጠፍ ስላለው። በል አሁን ሂድ።»

ሽማግሌው ደረጃውን ወረደ። ዙምራ ከተንበረከከችበት አልተነሳችም። ፋታ ከኋላዋ፣ ሲሚንቶው ይበርድሻል፣ ተነሺ አለቻት። ጣቶቿ አሁንም ባዶው ላይ የሌለ ማሰሪያ ይቋጥሩ ነበር።