የአያ ጋረደው ሌላኛው ዓይን

አያ ጋረደው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን ያለው ኡም ራኩባ መጠለያ ሲገባ ከአርማጭሆ ይዞት የመጣው አንድ በትርና አንድ ትልቅ አፍንጫ ብቻ ነበር። በትሩን የድንኳኑ ምሰሶ አደረገው። አፍንጫው ግን ራሽን ሰልፍ ላይ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚደርስ ስለሆነ፣ ሲክስተን የሚባለው ስዊድናዊ ሠዓሊ ገና እንዳየው ዓይኑን መንቀል አቃተው።

ሲክስተን በአገሩ የከንቲባና የጳጳስ መልክ የሚሥል፣ በእንጨት እየቀረጸም የሚያትም ሰው ነው። የእኛን መልክ አትሞ እየሸጠ ለረሃብተኛ እርዳታ ሊያሰባስብ መጣ። አስተርጓሚው እኔ ታምሬ ነበርኩ። የእኔ እንግሊዝኛ ከስምንተኛ ክፍል አያልፍም፤ የእሱም ከእኔ ብዙ አይሻልም፤ ስለዚህ በደንብ ተግባባን።

አያ ጋረደው ልሣል ያለው ለሲክስተን ብሎ እንዳይመስላችሁ። ባሏ የሞተባትን ያለምወርቅን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ፣ እሷ "እስኪ ላስብበት" ካለች ሁለት ሳምንት አልፏል። ሥዕሉን ስታይ ልቧ ይረታል ብሎ ነው።

ሲክስተን ወደ ጎን አዙሮ አስቀመጠው። መጀመሪያ ወረቀት ላይ በከሰል ሣለው፤ ያንኑ እንጨት ላይ ቀረጸና ቀለም ቀብቶ አርባ ቅጂ አተመ። አንዱን ክሊኒኩ በር ላይ ለጠፈው።

ያለምወርቅ የቄስ ልጅ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ነው ያደገችው። ሥዕሉን አየችና አማተበች።

"በአንድ ዓይን! ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ይሁዳና ሰይጣን በአንድ ዓይን እንደሚሣሉ ይኸ ኸዋጃ አያውቅም?"

"ፈረንጁ ያየውን ነው የሣለው" አልኳት። አፌን በቆረጠው!

"እኮ፣ ምን አይቶባቸው ነው?" ብላ ሄደች።

እስከ ከሰዓት ድረስ መጠለያው በሙሉ አያ ጋረደውን ይሁዳ አለው። እሱም ምሰሶውን ነቅሎ መጣ፤ ድንኳኑ ከኋላው ወደቀ።

"ሁለተኛ ዓይኔን አምጣ በለው!"

"ከጎን ሲታይ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው ይላል።"

"እንግዲያ ያጥፋው!"

"አርባ ናቸው፣ አያ።"

መሬት ላይ ተቀመጠ። "ለጌታችን እንኳ አንድ ይሁዳ በቃው። እኔ አርባ ልሁን?"

ሲክስተን ነገሩ ሲገባው ፊቱ በርበሬ መሰለ። እንደገና እንዳይቀርጽ እንጨቱ አልቋል፤ የገዳሪፍ መኪናም እየጠበቀው ነው። የከሰሉን ሥዕልና አንድ ቅጂ ስጦታ ብሎ ትቶ ሄደ። አያ ጋረደው "ለማገዶ አድርጉት" አለ። እኔ ግን ያጠፋው የእኔ አፍ ስለሆነ በጣም አፈርኩ፤ ሁለቱንም ይዤ ያለምወርቅ ዘንድ ለልመና ሄድኩ።

እሷ አየት አየት አደረገቻቸው። "ይኸ ወደ ግራ ያያል፤ ያኛው ወደ ቀኝ።"

"ሲታተም ይገለበጣል፣ እት ያለምወርቅ።"

ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ከዚያ የራሽን ዱቄቷን አወጣች። በዚያ ሳምንት ራሽን ተቀንሶ ሰው በቀን አንዴ ነበር የሚቀምሰው። አንድ ጭብጥ ሙሉ ዘግና በውኃ አፈላችው፤ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። በዚያ ሙጫ ሁለቱን ጋረደዎች አፍንጫ ለአፍንጫ አድርጋ ካርቶን ላይ ለጠፈችና ድንኳኗ በር ላይ ሰቀለች። የሚጣሉ አውራ ዶሮዎች መሰሉ።

"ይኸው፣ ሁለት ዓይን" አለች።

አያ ጋረደውን ጠራሁት። ሥዕሉን ቀና ብሎ አላየም፤ ጠርዙን በጣቱ ነካና አሸተተ።

"ይኸ የማን ዱቄት ነው?"

"የእኔ።"

"እንግዲያ ራትሽ?"

"እሱ ላይ ተለጥፏል።"

አያ ጋረደው ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሁለቱም። "ሽማግሌዎቹን መልሼ ልላክ?" አለ በለሆሳስ።

"ሽማግሌ ምን ያደርግልኛል? ዱቄትዎን ይዘው ይምጡ።"

ያን ቀን አያ ጋረደው ከአፍንጫው ቀድሞ ደረሰ።