ከጋሪው የቀረው ልጅ

ወንድሜ ቢሊሱማ አኒሜሽን ይሠራል። እኔ እስካሁን «ካርቱን» ነው የምለው፤ ይናደዳል። ይናደድ!

ለአባዬ ስጦታ ብሎ አጭር ፊልም ሠራ። አባዬ ያሳደጉን አሰላ ላይ ጋሪ እየነዱ ነው። በፊልሙ እሳቸው ይነዳሉ፣ እኛ ልጆቻቸው ከኋላ ተጭነን በጭላሎ ተራራ ሥር እናልፋለን። እያንዳንዳችንን ለየብቻ ማንቀሳቀስ አድካሚ ስለሆነ፣ ቢሊሱማ ለኮምፒውተሩ ትእዛዝ ጻፈለት፦ የሁሉንም ስም ከነአባቱ አንብብ፣ ልጁን ከአባቱ ጋር እሰር፣ አባት ሲሄድ ልጅ ይከተል። ብልህ ነው መቼስ፣ አይካድም።

አባዬ ቢሊሱማን በጉዲፈቻ ያመጡት ከዲክሲስ ነው፣ ፊደል መቁጠር ከጀመረ በኋላ። እኛ ጋ ጉዲፈቻ ልጅ ነው፣ አለቀ፤ «የማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ነውረኛ ነው። ትምህርት ቤት ግን ቀድሞ በወላጅ አባቱ ስም ተመዝግቦ ስለነበር «ቢሊሱማ ሚልኬሳ» እንደተባለ ቀረ።

እሁድ ከምሳ በኋላ ፊልሙን ቴሌቪዥን ላይ ከፈተልን። አባዬ ራሳቸውን ሲያዩ አጨበጨቡ። ፈረሱ ተነሣ፣ ጋሪው ሄደ፣ እኔም ታናናሾቼም አብረን ሄድን። ቢሊሱማ ብቻ መንገዱ መሐል፣ አየር ላይ እንደተቀመጠ ቀረ። እኔ ከት ብዬ ሳቅሁ። ምነው ያኔ ጥርሴ በረገፈ!

«ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ቀረ?» አሉ አባዬ።

የኛ ሞኝ መዋሸት አያውቅም። የራሱን ስም ሲጽፍ እጁ ለምዶበት «ሚልኬሳ» ብሎ ኖሯል፤ ኮምፒውተሩ በፊልሙ ውስጥ ሚልኬሳን ቢፈልግ አጣ፣ ከማንም ጋር ሳያስረው ቀረ።

«ኮምፒውተሩ ነው አባዬ፣ የልጁን አባት አጥቶ ነው» አለ እየተርበተበተ።

«ስሙን ማን ነገረው?»

«እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

ቢሊሱማ እዚያው ቁጭ ብሎ በአባዬ ስም «ቢሊሱማ ኢታና» ብሎ አስተካከለው። «ይኸው፣ ይዩት» ብሎ ለመናቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ።

«ተወው ልጄ። ሚልኬሳ በሕይወት አለ። ልብህ እዚያ ከሆነ እኔው አደርስሃለሁ።»

እግራቸው ላይ ወደቀ፣ አለቀሰ፣ «አባቴ እርስዎ ነዎት» አለ። አንሥተው ሳሙት። እኔም እሰይ፣ አለፈ ብዬ ነበር።

አላለፈም። እኔን ዛሬም «ፈናን፣ ውሃ አምጪ! ምን ይገትርሻል?» ይሉኛል። እሱ ሊታዘዝ ብድግ ሲል ግን «ተቀመጥ ልጄ፣ አትድከም» ይሉታል፣ እንግዳ እንደሚባለው።